አርሊንግተን ካውንቲን እናውቀዋለን ወይ?

ከዋሽንግተን ዲሲ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ውስጥ የምታገኙት አርሊንግተን ካውንቲ (ካውንቲ ማለት ከስቴት በታች ያለ አስተዳደር ነው) ስፋቱ 67 ስኩዌር ኪሎሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ውስጡ ራሱን የቻለ አንድም ከተማ የለም፣ ሁሉንም የሚያስተዳድረው ካውንቲው ነው። ድሮ ደግሞ የዲሲ አካል ነበር እኮ! ዲሲ ሲቀየስ እያንዳንዱ ጎኑ 10 ማይል የሆነ አራት ማዕዘን ነበር፣ በፈረንጆቹ 1847 ይሄኛው ማዶ ወደ ቨርጂኒያ ተመለሰ፣ ለዛ ነው ዛሬ የዲሲ ካርታ አንድ ጎኑ የተቆረሰ የሚመስለው። አርሊንግተን የተባለውም በ1920 ነው።

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ግን የፍሪድማንስ ቪሌጅ ታሪክ ነው። በ1863 ከባርነት ለወጡ ሰዎች የተሰራ መንደር ነው፣ ዛሬ የአርሊንግተን ብሄራዊ የመቃብር ቦታ ያለበት መሬት ላይ፣ ትምህርት ቤትም ሆስፒታልም ነበረው፣ በ1900 ተዘጋ። ከዛ ከተነሱት የተወሰኑት ኩዊን ሲቲ በሚባል ሰፈር ቤት ሰርተው ኑሮ ጀመሩ፣ እሱንም በ1942 መንግስት ለፔንታጎን (ለአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ህንጻ) መንገዶች ብሎ አፈረሰው፣ ወደ 900 ሰው ቤት አልባ ሆነ። ፔንታጎንን የሚጎበኝ ሁሉ ይሄን ቢያውቅ በጣም ደስ ይለኛል።

በ2020 ቆጠራ አርሊንግተን ውስጥ 238,643 ሰው ይኖር ነበር፣ ብዙ ፎቅ ያለው ከሮስሊን እስከ ቦልስተን ባለው የሜትሮ መስመር ነው። ኮሎምቢያ ፓይክ የሚባለው መንገድ ላይ ደግሞ የኛ ሰው፣ ቦሊቪያው፣ ሌላውም ጎን ለጎን ይኖራል፣ እንጀራውም ቡናውም እዛው አለ።