ብርድ የማይገድለውን ቁልቋል እንዴት ለየሁት

ከሲያትል ወደ ምሥራቅ ተራራውን ተሻግራችሁ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ከነዳችሁ ዝናቡም ጥዱም ይቀራል። ኮሎምቢያ ወንዝ ዳር፣ ቫንቴጅ አካባቢ፣ ደረቅ ሜዳ ይጀምራል። ሜዳውን የሞላው ግራጫ ቁጥቋጦ የአሪቲ ዘመድ ነው፤ ቅጠሉን በጣት አሸት ስታደርጉት ሽታው ይነግራችኋል። ከሥሩ ቁልቋል በቅሎ ሳይ ቆም አልኩ። በረዶ በሚጥልበት አገር!

ጊዜው የካቲት ነበር። ተጨማዶ፣ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ተለውጦ፣ አፈር ላይ ተለጥፏል። የሞተ መሰለኝ። ለካ ብርድ ሲመጣ ውሃውን የሚቀንሰው ሴሎቹ ውስጥ በረዶ እንዳይሠራ ነው። እንዲህ ተጨማዶ ነው ክረምቱን የሚያልፈው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ማጥራት ነበረብኝ። አገር ቤት አጥር የምናደርገው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው ቁልቋል ካክተስ አይደለም። በለስ ግን ከሜክሲኮ የመጣ ካክተስ ነው፤ ይኼኛው ደግሞ የበለስ የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠል የምንለውም በእውነቱ ግንዱ ነው።

ለሳይንሳዊ ስሙ ሁለት ዕጩዎች ነበሩኝ። ኦፑንሺያ ፍራጂሊስ ትንሽና ድብልብል ነው፤ እንደ ሕፃን ድንች። ሲነኩት ተገንጥሎ ይመጣል፤ ስሙም ተሰባሪ ማለት ነው። ከካክተስ ሁሉ ወደ ሰሜን ርቆ፣ ካናዳ ውስጥ እስከ ፒስ ወንዝ አካባቢ ድረስ የሚበቅለው እሱ ነው። ኦፑንሺያ ፖሊያካንታ ግን እንደ በለስ ጠፍጣፋ ነው፣ ሰፋ ይላል፣ እሾሁ ብዙ ነው፣ በቀላሉም አይገነጠልም። ያየሁት ጠፍጣፋ ስለነበር «ፖሊያካንታ» ብዬ ጻፍኩ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። በክረምት ድብልብሉም ይጠፈጠፋል።

በሰኔ ማስመሪያ ይዤ ተመለስኩ። ውሃ ጠጥቶ አብጧል። ርዝመቱ ስድስት ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ወደ ሁለት። ለድንቹ ረዘመ፣ ለበለሱ ወፈረ። ቢጫ አበባ አውጥቷል፤ አበባው ግን አልረዳኝም፣ ሁለቱም ቢጫ ያወጣሉና። የአበባ ፎቶ ብቻ አንስቶ መመለስ ከንቱ ድካም ነው። ከጎን ፎቶ አንሱ፣ ውፍረቱ እንዲታይ።

ተንበርክኬ ስለካ አንዱ ቁራጭ ካልሲዬ ላይ ተሰካ። ጎተት አላደረግኩትም፣ ተነካካሁ እንጂ። መገንጠሉ የፍራጂሊስ ነው። መጠኑና የእሾሁ ብዛት ግን ወደ ፖሊያካንታ ያደላል። ከዚያ በኋላ አንዱን ትቼ ደርዘን ያህሉን እየዞርኩ ለካሁ፤ ሁሉም መሃል ላይ ናቸው። ስሙ የገባኝ ያኔ ነው፤ ኦፑንሺያ ኮሎምቢያና። በ1916 እ.ኤ.አ. የተሰየመው በዚሁ ወንዝ ነው። የሁለቱ ዲቃላ ነው የሚሉ አሉ፣ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ያየሁት ወደ ዲቃላነቱ ይወስደኛል።

ፍሬውን እንደ በለስ ልጬ የምበላው መስሎኝ ነበር። ደረቅ ነው፣ በእሾህ የተሸፈነ።

ወረንጦ ሳትይዙ አትሂዱ። ትልቁ እሾህ ይታያል፤ ጣት ውስጥ ገብቶ የሚቀረው እንደ ፀጉር የቀጠነው ነው። ካልሲዬ ላይ የተሰካውን በወረንጦ ነቅዬ እዚያው አሸዋው ላይ፣ ከቁጥቋጦው ሥር አስቀመጥኩት። የወደቀ ቁራጭ ሥር ያወጣል።