ኢትዮጵያ ያለችባቸውን የናሽናል ጂኦግራፊክ እትሞች እንዴት እንደሰበሰብኩ

ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለውን የአሜሪካ መጽሔት አሮጌ እትሞች መግዛት የጀመርኩት ኑሮዬ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ስለሆነ ነው። መጽሔቱን የሚያሳትመው ማኅበር በ1888 የተመሠረተው በዚሁ ከተማ ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም እስከ ዛሬ እዚሁ አለ። (ዓመቶቹንም ወራቱንም እንደ መጽሔቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሰኔ ስል ጁን፣ ታኅሣሥ ስል ዲሴምበር ማለቴ ነው።) በዙሪያው ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች አባላቱ በየወሩ እየደረሳቸው ያጠራቀሙት መጽሔት በየቤዝመንቱ ተከምሮ ይገኛል። ቤቱ ሲሸጥ ወይም ባለቤቱ ሲያርፍ ልጆቹ ያወጡታል። መጣል ግን ያሳዝናቸዋል፤ ያገለገለ ዕቃ ወደሚሸጥበት ትሪፍት ስቶር ይወስዱታል፣ ለሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ይሰጡታል ወይም ደጃፋቸው ላይ ዕቃ በሚሸጡበት ጋራዥ ሴል በካርቶን ያስቀምጡታል።

ገንዘብ አተርፍበታለሁ ብሎ ለሚያስብ ሰው ከወዲሁ ልንገረው፤ አይሆንም። በ1980ዎቹ መጽሔቱ በወር ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ይሰራጭ ነበር፤ ያገኘውም ሰው ሁሉ አስቀምጦታል። ስለዚህ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የወጣ ተራ እትም አንድ ዶላር ካወጣ ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ሻጭ በነጻ ውሰድልኝ ይላል። ውድ የሆኑት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የታተሙት ናቸው፤ እነሱም በኋላ ዳግም ስለታተሙ ሻጩ የሚጠይቀውን ከመክፈል በፊት የመጀመሪያው ኅትመት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ማማከር ያስፈልጋል። የእኔ ፍለጋ ከዚያ ሁሉ የተለየ ነው። ሙሉውን ስብስብ አልፈልግም። የምፈልገው ኢትዮጵያ ያለችባቸውን እትሞች ብቻ ነው፤ ይህን ወሰን መጀመሪያ ላይ ማስቀመጤ ቤቴንም ኪሴንም አትርፎልኛል። ወረቀቱ ወፍራምና ከባድ ነው። ሁሉንም ልሰብስብ ያሉ ወዳጆቼ መደርደሪያቸው ጎብጦ መጽሔቱን መልሰው ሲሰጡ አይቻለሁ።

የትኛው እትም ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ ማኅበሩ ራሱ ያሳተመው ማውጫ አለ፤ ከ1888 እስከ 1988 ያለውን የሚይዘው በመጽሐፍ መልክ ወጥቷል፣ እሱንም ያገለገለ መጽሐፍ ከሚሸጡ ሰዎች ማግኘት ይቻላል። ኢትዮጵያ የሚለውን ብቻ ያየ ሰው ግን ግማሹን ያጣል። የቆዩት ጽሑፎች አቢሲኒያ በሚለው ስር ናቸው። ከዚያ ደግሞ ዓባይን፣ ቀይ ባሕርን፣ ወፎችን፣ የጥንት ሰው ቅሪተ አካልን የሚመለከቱትን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል። እኔ ዝርዝሩን በደብተር ገልብጬ ገበያ ስወጣ በኪሴ ይዤ እሄዳለሁ። ከ1959 በፊት የወጡት አብዛኞቹ እትሞች ሽፋናቸው ፎቶግራፍ የለውም፤ በኦክ ዛፍ ቅጠልና ፍሬ በተጌጠው ቢጫ ጠርዝ መሀል የጽሑፎቹ ርእስ ተዘርዝሯል። ይህ ለገዢ ትልቅ ምቾት ነው፤ ሳይገልጡ ውስጡን ማወቅ ይቻላል።

በመጀመሪያ እጄ የገባው የሰኔ 1925 እትም ነበር። ጸሐፊው ሃሪ ሃርላን የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የገብስ ባለሙያ ነው፤ አገራችንን በበቅሎ ቅፍለት ያቋረጠው የገብስ ዘር ፍለጋ ነው። በነሐሴ 1928 ደግሞ በቺካጎ የሚገኘው የፊልድ ሙዚየም የአጥቢ እንስሳት ተመራማሪ ዊልፍሬድ ኦስጉድ የጻፈው ወጣ። በዚያ ጉዞ ላይ ከኦስጉድ ጋር የነበረው የወፍ ሠዓሊ ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ ኢትዮጵያ ውስጥ በርካታ ሥዕሎችን ሠርቶ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ በ1927 ክረምት መኪናው በባቡር ተመትታ ሞተ። ሥዕሎቹ መኪናው ውስጥ ነበሩ፤ እነሱ ተረፉ። የ1928ቱን እትም በገለጥኩ ቁጥር ይህ ሰው ትዝ ይለኛል።

ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ግን የሰኔ 1931 እትም ነው። የዓፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መድፋት ኅዳር 2 ቀን 1930፣ በእኛ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነበር። መጽሔቱ ከዚያ ሰባት ወር ቆይቶ ሁለት ረጃጅም ጽሑፎችን አከታትሎ አወጣ፤ አንዱን አዲስ አበባ የነበረው የአሜሪካ መንግሥት ተወካይ አዲሰን ሳውዛርድ፣ ሌላውን የመጽሔቱ ፎቶ አንሺ ሮበርት ሙር ጽፈውታል። ሙር ያነሳቸው የቀለም ፎቶግራፎች በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበሩ። የቀለም ሥዕል የሚነሳው በመስታወት ላይ ነበር፤ ብርሃኑን ለመቀበል ጊዜ ስለሚወስድ ተነሺው ሳይነቃነቅ መቆም አለበት። ለዚህ ነው የመኳንንቱ ፊት እንዲያ ኮስተር ያለው። ጎፈሩ፣ ለምዱ፣ ጋሻው፣ የካባው ጥልፍ አንድ በአንድ ይታያል። ይህን እትም እኛ ብቻ አይደለንም የምንፈልገው፤ በጃማይካ የራስ ተፈሪያን እምነት ገና ሲጀመር የንግሥናው ፎቶግራፎች ትልቅ ቦታ ስለነበራቸው ከዚያ ወገን የሚሹት ብዙ ናቸው። ስለዚህም ዋጋው በዙሪያው ካሉት እትሞች በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እኔ ቸኩዬ አልገዛሁትም። ሻጮች ርእሱን ሳያዩ ዓመቱን ሙሉ አንድ ላይ አስረው የሚሸጡበት ጊዜ አለ፤ የ1931ን አሥራ ሁለት ወራት በአንድ ካርቶን ያቀረበ ሻጭ እስኪገኝ ጠበቅኩ፣ የተረፉትን አሥራ አንዱን ለሌላ ሰብሳቢ ሰጠሁ።

ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ስገዛ ከክፍያ በፊት የምጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉኝ፤ ሻጭ ቢሰለችም እጠይቃለሁ። ገጾቹ ሁሉ አሉ ወይ? የቀለም ፎቶ ያለባቸውን ገጾች ቆርጦ በፍሬም የሚሸጥ ሰው አለ፤ ከኋላ ሽፋን ላይ የነበሩ የኮካ ኮላ ማስታወቂያዎችም እንዲሁ ይቆረጣሉ። የሻጋታ ሽታ አለው ወይ? ይህ በፎቶ አይታይም፤ አንድ የሻገተ እትም ደግሞ አጠገቡ ያሉትን ያበላሻል። ውሃ ነክቶታል ወይ? የመጽሔቱ ወረቀት የሚያብረቀርቅ ልባጥ ስላለው ከረጠበ ገጾቹ እርስ በእርስ ይጣበቃሉ፣ ሲላቀቁም ሥዕሉ ይላጣል። ካርታው አብሮት አለ ወይ? ካርታዎቹ ለብቻ ታጥፈው የሚመጡ ስለነበሩ አብዛኞቹ ከመጽሔቱ ተለይተዋል፤ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ያለቁ ብዙ ናቸው። የ1935ቱን የአፍሪካ ካርታ ለብቻው ነው ያገኘሁት። ጣሊያን በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር አገራችንን ከመውረሩ ከጥቂት ወራት በፊት የወጣ ነው፤ ኢትዮጵያ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በጣሊያን ግዛቶች መሀል ነጻ ሆና ቆማለች። ያንን ካርታ ስዘረጋ ብዙ እቆያለሁ።

የፖስታውንም ነገር አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። የአሜሪካ ፖስታ ለመጻሕፍት የሚሰጠው ርካሽ ዋጋ ማስታወቂያ ላለበት መጽሔት አይፈቀድም፤ ስለዚህ የሁለት ዶላር መጽሔት መላኪያው ከራሱ ሊበልጥ ይችላል። ከአንድ ሻጭ ብዙ እትም አንድ ላይ መግዛት ይሻላል።

ቤተ መጻሕፍት ዓመቱን አንድ ላይ አስጠርዘው በጠንካራ ሽፋን ያስቀመጧቸው ጥራዞች በርካሽ ሲሸጡ ብዙ ሰው ይደሰታል። እኔ አልገዛቸውም። ጠራዡ የየወሩን ሽፋንና ከፊትና ከኋላ የነበሩትን የማስታወቂያ ገጾች አውጥቶ ጥሏቸዋል። ማስታወቂያ ምን ይሠራል የሚል ካለ የ1931ን ከፍቶ ይይ፤ አንባቢው ማን እንደነበረ የሚነግረው እሱ ነው። መኪና፣ ካሜራ፣ የመርከብ ጉዞ የሚገዛ ባለጸጋ አሜሪካዊ ነበር ስለ እኛ የሚያነበው፤ ጽሑፉም ለእሱ እንዲጥም ተደርጎ የተጻፈ ነው።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። በ2018 ሚያዝያ ወር እትም ዋና አዘጋጇ ሱዛን ጎልድበርግ መጽሔቱ ለአሥርት ዓመታት ዘረኛ አዘጋገብ እንደነበረው በግልጽ ጻፈች። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር ጆን ኤድዊን ሜሰን የቆዩትን እትሞች እንዲመረምር ተጋብዞ ነበር፤ ሌላው ዓለም ያለው ሕዝብ እንግዳና ያልሠለጠነ ተደርጎ ሲቀርብ መኖሩን አሳየ። እኔም እትሞቹን በተርታ ሳነብ ያየሁት ይህንኑ ነው። ከፎቶግራፉ ስር ያለው ጽሑፍ ስለ ልብሱ፣ ስለ ጸጉሩ፣ ስለ በቅሎው ያወራል፤ የሰውዬውን ስም ግን ብዙ ጊዜ አይነግርህም። ንጉሡና ጥቂት መኳንንት ስም አላቸው፣ ሌላው ሰው ስም የለውም። የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ፊት ነው፤ እንዲህ ሆኖ መቅረቱ ያመኛል።

ስለዚህ ስብስቤ ሌላ ሥራ ወለደ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም በማኅበር ቀን ሁለት ሦስት እትም ይዤ እሄድና ለአዛውንቶቹ አሳያለሁ። በሰፈራችን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ ሽማግሌ የ1931ን መኳንንት በልብሳቸው ይለዩልኛል፤ የካባውን ዓይነት አይተው ማዕረጉን፣ የጋሻውን ጌጥ አይተው የሹመቱን ደረጃ ይነግሩኛል። ናትናኤል ኬኒ ጽፎት ጄምስ ብሌር ፎቶውን ያነሳው የሚያዝያ 1965 እትም ሳሳያቸው ደግሞ አዛውንቶቹ የዘመኑ ሰዎች ናቸውና ጨዋታው ይደምቃል፤ እማማ የምንላቸው ባልቴት የሹሩባውን አሠራር አይተው ይህች የእንዲህ ያለ አገር ልጅ ናት ይላሉ፣ ሌላዋ አይደለችም ብለው ይከራከሯቸዋል። ሁለቱንም እጽፋለሁ። ማን እንደተናገረ፣ መቼ እንደተናገረ፣ እርግጠኛ ነኝ ማለቱንም ሆነ ይመስለኛል ማለቱን ለይቼ አሰፍራለሁ። የምጽፈው ግን መጽሔቱ ላይ አይደለም፤ አሲድ በሌለው ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፌ ከእትሙ ጋር በአንድ ከረጢት አስቀምጣለሁ። ስም ያለበት ቁራጭ ወረቀት ከጊዜ ብዛት ከመጽሔቱ ይልቅ ውድ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

ስለ አቀማመጥ ብዙ የሚባል የለም። ምድር ቤት አይቀመጥ፣ ፀሐይ አይንካው፣ የተቀደደ ገጽ በተራ ፕላስተር አይለጠፍ፤ ፕላስተሩ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። ለየእትሙ የፖሊፕሮፒሊን ከረጢት በቂ ነው፣ አቁሞ መደርደር ይሻላል።

አዲስ አበባ ስሄድም እፈልጋለሁ። መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉ የአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጋ ናሽናል ጂኦግራፊክ አይጠፋም። ሻጮቹ ገበያቸውን ያውቃሉ፤ ኢትዮጵያ ያለችበትን ከተራው ለይተው ያስቀምጣሉ። የታኅሣሥ 1976 እትም እዚያ ነው ያገኘሁት፤ ዶናልድ ጆሃንሰን አፋር ውስጥ ሐዳር በተባለው ቦታ ስለተገኙት የጥንት ሰው «ቤተሰብ» ቅሪተ አካላት የጻፈበት ነው። ጌኦርግ ገርስተር የመካከለኛው ዘመን አብያተ ክርስቲያናትን ያሳየበት የታኅሣሥ 1970 እትምና ከአብዮቱ በኋላ ያለችውን አገር ሮበርት ካፑቶ የዘገበበት የግንቦት 1983 እትም ግን አሜሪካ ይቀላሉ፤ እዚህ በርካሽ ይገኛሉ፣ ከዚያ ተሸክሞ መምጣት አያስፈልግም። አዲስ አበባ መግዛት የሚገባው እዚያ የታተመውን ነው። ሲልቪያ ፓንክረስት በ1956 የጀመረችው፣ እሷ ካረፈችም በኋላ ልጇ ሪቻርድና ባለቤቱ ሪታ የቀጠሉት ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የተባለው መጽሔት ከሁሉ ይበልጥብኛል። የአገሩን ሰው ስምና ሥራ ጠርቶ ይጽፋል፤ ከናሽናል ጂኦግራፊክ ጎን ሳነበው የጎደለውን ይሞላልኛል።

በአሜሪካ ሕግ በዚያን ዘመን የታተመ ጽሑፍ 95 ዓመት ከሞላው በኋላ ማንም ሊያባዛው ይችላል። የ1925ና የ1928 እትሞች አልፈዋል፤ የኢትዮጵያን ገጾች እስካን አድርጌ ከአዛውንቶቹ ማስታወሻ ጋር ለሚጠይቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። የ1931ኛው ተራው ጥር 1 ቀን 2027 ይደርሳል። ከዚያ በፊት ጋሼ የሚያውቁትን ሁሉ ጽፌ መጨረስ እፈልጋለሁ፤ በዚያ እትም ውስጥ ያለ አያት ወይም ቅድመ አያት ያላችሁ፣ ቤታችሁ የቀረ ፎቶግራፍ ካለ ከመጽሔቱ ጋር አስተያዩልኝ።