ከኤዩጂ በፊት ያሉት ቤዞች

ጅማ በምሠራበት ላቦራቶሪ አንዲት የማስተርስ ተማሪ የቡና ጂን ባክቴሪያ ውስጥ አስገብታ ፕሮቲኑን ልታመርት ትለፋ ነበር። ጂኑ ገብቷል። ኤምአርኤንኤውም፣ ማለትም የጂኑ መልእክት ቅጂ፣ በደንብ ታይቷል። ፕሮቲኑ ግን የለም፤ ፕሮቲኖችን በመጠን በምንለይበት ጄል ላይ ቦታው ባዶ ነው።

አንዱ ሙቀቱን ጠረጠረ። ሌላው መብራት ሲጠፋ ኬሚካሉ ተበላሽቶ ይሆናል አለ። ደጋግማ ብትሠራውም ያው ነው።

«ጋሼ፣ አርኤንኤው እያለ ፕሮቲኑ እንዴት ይቀራል?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ልክ ነበር። ኤምአርኤንኤው ስላለ ብቻ ራይቦዞሙ፣ ማለትም ፕሮቲን የሚሠራው የሴል ማሽን፣ ማንበብ ይጀምራል ማለት አይደለም። ኮምፒውተር ከፍተን ከኤዩጂ፣ ማለትም የፕሮቲኑ ንባብ ከሚጀምርበት ባለ ሦስት ፊደል ቃል (መነሻው ኮዶን)፣ በፊት ያሉትን ቤዞች፣ የአርኤንኤውን ፊደላት፣ አየን።

በቡናም ሆነ በእኛ ሴል የኤምአርኤንኤው ጫፍ ኬሚካላዊ ቆብ አለው። አስጀማሪ ፕሮቲኖች ቆቡን ይይዙታል። ትንሹ የራይቦዞም ክፍል የፕሮቲኑን የመጀመሪያ አሚኖ አሲድ፣ ሜቲዮኒንን፣ የተሸከመውን አመላላሽ አርኤንኤ (ቲአርኤንኤ) ይዞ እዚያ ያርፋል። ከዚያ እየተንሸራተተ ይፈትሻል፤ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ኤዩጂ ላይ ይቆማል። ትልቁ ክፍል መጥቶ ሲገጥም የፕሮቲኑ ሥራ ይጀመራል።

የባክቴሪያ ራይቦዞም መንገዱ ሌላ ነው። ቆብ አይጠብቅም። ኤዩጂው አጠገብ በቀጥታ ማረፍ ስለሚችል ብዙ ጊዜ የማረፊያ ምልክት ይፈልጋል። ጆን ሻይን እና ሊን ዳልጋርኖ እ.ኤ.አ. በ1974 የለዩት ይህ ምልክት ከኤዩጂ ጥቂት ቤዞች ቀደም ብሎ የሚገኝ፣ «ኤጂጂኤጂጂ»ን የሚመስል ቅደም ተከተል ነው። የትንሹ ክፍል የራሱ አርኤንኤ ከዚህ ጋር ቤዝ ለቤዝ ይጣመራል። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ስድስት ፊደል ብቻ!

የእሷ ፕላዝሚድ፣ ማለትም ጂኑን ያስገባችበት ክብ ዲኤንኤ፣ አርኤንኤ ለማምረት ብቻ የተዘጋጀ ስለነበር ምልክቱ የለውም። ከኤዩጂ በፊት ያለው የቡናው የራሱ ቅደም ተከተል ነው። ባክቴሪያው ምኑን ያውቀዋል?

ምልክቱን የያዘ አዲስ ፕራይመር፣ ማለትም ጂኑን ለማባዛት መነሻ የሚሆን አጭር ዲኤንኤ፣ ከውጭ አዘዝን። መቼም የፕራይመር ጥበቃ ልብ ያደርቃል። ርቀቱንም አስበንበታል፤ ምልክቱ ከኤዩጂ በጣም ከተጠጋ ወይም ከራቀ አጀማመሩ ይዳከማል። በመሃል 7 ቤዝ ተውን።

ፕራይመሩ መጣ፣ ጂኑ እንደገና ተሠራ፣ ጄሉ ላይ መስመሩ ደምቆ ወጣ። ሙቀቱም ኬሚካሉም ያው የድሮው ነበሩ።

አሁን ተማሪ «ፕሮቲኑ እምቢ አለኝ» ብሎ ሲመጣ፣ ሌላ ነገር ከመነካቱ በፊት ከኤዩጂ ቀድመው ያሉትን ሃያ ቤዞች እንዲያሳየኝ እጠይቀዋለሁ።