ጎጆው ባዶ ከሆነ በኋላ፦ የሐዋሳ ሸማኔ ወፎች በበጋ የት ይውላሉ?

የሸማኔ ወፎች የመራቢያ ወቅት ሲያበቃ በግቢ ላይ የሚወርደው ጸጥታ ወፍ የሚወድን ሰው ሁሉ ያስከፋል። ከሰኔ ጀምሮ ጎህ ሳይቀድ ሲንጫጩበት የከረመው ዘንባባ ጥቅምት ሲጋመስ ባዶ ጎጆ ብቻ ተንጠልጥሎበት ይቀራል። እኔ የምኖረው ሐዋሳ ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው፤ የማስታወሻ ደብተሬም እስካሁን በየዓመቱ የሚዘጋው በዚሁ ወቅት ነበር። ዘንድሮ ግን ደብተሩን ክፍት አድርጌ፣ «ሄዱ» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ያለውን ጊዜ ለመከታተል ወሰንኩ። ያገኘሁት ነገር እንደ እኔ የግቢያቸው ወፎች ለሚናፍቋቸው ባልንጀሮቼ ይጠቅማል ብዬ ስላሰብኩ እንደሚከተለው አቅርቤዋለሁ።

በመጀመሪያ ስለየትኛው ወፍ እንደማወራ ግልጽ ላድርግ። በእኛ ዘንባባ ላይ የሚሰፍረው በመንጋ ጎጆ የሚሠራው የመንደር ሸማኔ ወፍ ነው። ወንዱ በመራቢያ ወቅት ፊቱ ጥቁር፣ ሆዱ ደማቅ ቢጫ፣ ዓይኑ ቀይ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ባግላፌክት የሚባለው ሌላ ሸማኔ ወፍም በየግቢው ይታያል፤ እርሱ ግን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለሚኖርና ጎጆውን ለብቻው ስለሚሠራ፣ መጣ ሄደ የሚያሰኝ ግርግር የለውም። የሚናፈቀው እንግዲህ ግርግሩን ይዞ የሚመጣው ነው።

ግርግሩ ምን እንደሚመስል ላላያችሁ በጥቂቱ ልግለጽ። ወንዱ የዘንባባውን ቅጠል ጠርዝ በምንቃሩ ነክሶ ይዞ ወደ ላይ ሲበር ቀጭንና ረጅም ስንጥቅ ተልትሎ ይወጣለታል። ይህን ስንጥቅ በእግሩ ከቅርንጫፉ ጋር አጣብቆ ይይዝና ጫፉን በምንቃሩ እያሾለከ፣ እየጠመዘዘና መልሶ እየሳበ ያስረዋል። መጀመሪያ የሚሠራው ቀጥ ብሎ የቆመ ቀለበት ነው። ከዚያ በኋላ በዚያው ቀለበት ላይ ቆሞ፣ ምንቃሩ እስከሚደርስበት ድረስ በአንድ በኩል የእንቁላሉን ክፍል፣ በሌላው በኩል ደግሞ መግቢያውን ይሠራል፤ የጎጆው ስፋት የሚወሰነውም በወፉ ቁመትና በአንገቱ መዘርጋት ነው ማለት ይቻላል። ኒኮላስ እና ኤልሲ ኮሊያስ የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ይህን ወፍ ለብዙ ዓመታት ያጠኑ ሲሆን፣ ወጣት ወንዶች ደህና ጎጆ ለመሥራት ልምምድ እንደሚያስፈልጋቸው ያሳዩትም እነርሱ ናቸው። በእኛ ዘንባባ ላይም በየዓመቱ አንድ ሁለት ውሉ የጠፋበት፣ ከጎጆ ይልቅ የተበጣጠሰ መጥረጊያ የሚመስል ሥራ ይገኛል። ማን እንደሠራው ባላውቅም ባለቤቱ ጀማሪ ለመሆኑ አልጠራጠርም።

ጎጆው ሲያልቅ ወንዱ ከሥሩ ተንጠልጥሎ ክንፉን እያራገበ ሴቶችን ይጠራል። ሴቷ ገብታ ትመረምራለች፤ ከወደደችው ለስላሳ ሣርና ላባ እያመጣች ውስጡን ታነጥፋለች፣ ካልወደደችው ትታው ትሄዳለች። ቅጠሉ ደርቆ አረንጓዴነቱን ሲያጣ የሚመርጠው ስለማይገኝ፣ ወንዱ ራሱ ያፈርሰውና በቦታው እንደገና ይሠራል። ክረምቱ ለዚህ ሥራ ግድ የሆነበት ምክንያትም ከዚህ ይጀምራል። የደረቀ ስንጥቅ ሲታጠፍ ይሰበራል፤ ለሽመና የሚሆነው እርጥቡ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ጫጩቶቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያድጉት በአብዛኛው በነፍሳት ሲሆን፣ ነፍሳት የሚበዙት ደግሞ ዝናብ ሲኖር ነው። ሴቷ እንቁላሉን 12 ቀን ገደማ ትታቀፈዋለች፣ ጫጩቶቹም ሦስት ሳምንት ያህል በጎጆው ውስጥ ይቆያሉ። ስለዚህ ዝናቡ ሲያቆም፣ ሣሩ ሲደርቅና የመጨረሻዎቹ ጫጩቶች ሲወጡ፣ ወፎቹን ዘንባባው ላይ የሚያቆያቸው ምንም ነገር አይኖርም። ጎጆው መኖሪያ ሳይሆን ማሳደጊያ መሆኑን መቀበል ለእኔ ቀላል አልነበረም፤ ሰው ቤቱን ትቶ መሄድን ከችግር ጋር አያይዞ ማየት ስለለመደ ይመስለኛል።

ጎረቤታችን የሆኑት እናት ጥቅምት ላይ ወደ ዘንባባው ቀና ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ወፎችህ ጥለውህ ሄዱ እኮ» አሉኝ። «የለም እማማ፣ አልሄዱም፤ ልብሳቸውን ቀይረው ነው» ብላቸው በጣም ሳቁ። ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። የመንደር ሸማኔ ወፍ ወንዱ የመራቢያ ወቅቱ ሲያልፍ ላባውን ይለውጣል። ጥቁሩ ፊት ይጠፋል፣ ጀርባው ወደ ግራጫ ያደላል፣ ሆዱ ይነጣል፤ ከሴቷና ከዘንድሮ ጫጩቶች ለመለየትም ያስቸግራል። እኛ በዓይናችን የምንፈልገው ቢጫውንና ጥቁሩን ወፍ ስለሆነ፣ አጠገባችን ባለ አጥር ላይ ቢያርፍ እንኳ ድንቢጥ ነው ብለን እናልፈዋለን። በመስቀል ሰሞን ብቅ ብሎ ይጠፋል የሚባለው የመስቀል ወፍም ጉዳይ ከዚህ አይርቅም። ሰዎች በዚህ ስም ከሚጠሯቸው ወፎች መካከል ቀይና ጥቁር ላባ ያለው የሸማኔ ወፍ ዘመድ ይገኝበታል፤ እርሱም ወቅቱ ሲያልፍ ቡናማና ዝንጉርጉር ሆኖ ከሣሩ ጋር ይመሳሰላል እንጂ አገር ጥሎ አይሄድም። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ እያለ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚታይ ተብሎ መተረቱ ሳያሳዝነው አይቀርም።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ፍለጋዬ ከግቢ ወጣ። ከሐዋሳ ወደ ጥቁር ውሃ በሚወስደው አቅጣጫ በቆሎ ከተሰበሰበባቸው ማሳዎች ዳር፣ ሣሩ ዘር በያዘበት ቦታ፣ ግራጫና ወይባ ቢጫ የሆኑ ወፎች በመንጋ ሲለቅሙ አገኘሁ። ወፍራሙና ሾጣጣው ምንቃራቸው፣ እንዲሁም አንዱ ሲነሳ ሁሉም እያንጫጩ የሚነሱበት አኳኋን ማንነታቸውን ይናገራል። በዚህ ወቅት ዋነኛ ምግባቸው ዘር ነው፤ ዘር ደግሞ እንደ ነፍሳት በአንድ ግቢ ዙሪያ ተበትኖ አይጠብቅም፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ ወዲያ ስለሚበስል በመንጋ እየተዘዋወሩ መፈለግ ያዋጣል። ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን የማታው ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሐይቁ ዳር ፊላና ደንገል ወዳለበት ቦታ ሄዶ መቆም ይበቃል። ከየአቅጣጫው በትንንሽ መንጋ እየመጡ ፊላው ውስጥ ይገባሉ፤ የማደሪያ ቦታ ለመሻማት የሚያሰሙት ጫጫታም በክረምት ከዘንባባው ላይ እሰማው የነበረው ያው ድምፅ ነው። አጠገቤ ጀልባውን የሚያስር ዓሣ አስጋሪ ምን እንደማይ ጠይቆኝ ስነግረው፣ እርሱ በየማታው እንደሚሰማቸውና መቼም ጠፍተው እንደማያውቁ ነገረኝ። እኔ ጠፉ ስል ለእርሱ በየማታው ይመጡ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በማሳ ዳር በመንጋ የታየ ወፍ ሁሉ ግሪሳ ይባላል፤ ይህም ሸማኔ ወፍን ለድንጋይና ለወንጭፍ ይዳርገዋል። ግሪሳ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ የወንዱ ምንቃር ቀይ የሆነ፣ ጎጆውንም በእሾሃማ ግራር ላይ እጅግ ብዙ ሆኖ የሚሠራ ሌላ ወፍ ነው። በስምጥ ሸለቆ የማሽላ ገበሬን የሚያስጨንቀውና በአውሮፕላን መድኃኒት የሚረጭበት እርሱ ነው። የመንደር ሸማኔ ወፍ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ ምንቃሩም ጠቆር ያለ ነው። እህል አይበላም ብዬ ግን ልከላከልለት አልችልም፤ በቆሎና ማሽላ ይበላል፣ የሙዝና የዘንባባ ቅጠልም ይተለትላል። የእኛ ዘንባባ ጫፍ ጫፉ በክረምት መጨረሻ ተላጭቶ መታየቱን ባለቤቴ በየዓመቱ ሳታነሳው አታልፍም።

በእውነት የሚሄደው ሌላ ነው። በክረምት ከሸማኔ ወፎቹ ጋር የሚሰማ፣ «ዲ ዲ ዲ ደሪክ» እያለ የሚጮኽ፣ ጀርባው የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ የሆነ ትንሽ ኩኩ አለ። ዝናብን ተከትሎ በአፍሪካ ውስጥ የሚዘዋወር ወፍ ሲሆን፣ እንቁላሉን በሸማኔ ወፎች ጎጆ ውስጥ ጥሎ ልጁን ያሳድጉለታል። ሸማኔዋም በዋዛ አትታለልም፤ እያንዳንዷ ሴት የራሷ የሆነ የእንቁላል ቀለም ስላላት፣ አንዷ ነጭ፣ ሌላዋ ሰማያዊ፣ ሌላዋም ነጠብጣብ ያለበት ስለምትጥል፣ የማይመስላትን ለይታ ታወጣለች። የመንደር ሸማኔ ወፍ እ.ኤ.አ. በ1886 በሰው እጅ በገባባት በሞሪሸስ ደሴት ኩኩ ስለሌለ፣ የእንቁላሎቹ ልዩነት ከዚያ ወዲህ እየቀነሰ መምጣቱን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። በእኛ ሰፈር ግን ፉክክሩ ገና አልቀዘቀዘም። የኩኩው ድምፅ የሚቋረጠው ከሸማኔዎቹ ቀደም ብሎ ነው፤ ማስታወሻ የምትይዙ ከሆነ የወቅቱን ማብቃት ከጎጆዎቹ ይልቅ በዚህ ድምፅ መቋረጥ ቀድማችሁ ልታውቁት ትችላላችሁ።

ሸማኔዎቹ ግቢውን በሚለቁበት ሰሞን ከሰሜን የሚመጡትም ይደርሳሉ። ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ፣ ጭራቸውን ወደ ላይና ወደ ታች እያወዛወዙ በከብቶች እግር ሥር የሚሮጡ ሆደ ቢጫ ወፎች በሐይቁ ዳር ሣር ላይ ይታያሉ። ጭራቸው እንደ መቀስ የተከፈለ በራሪዎችም ከውኃው በላይ ዝቅ ብለው ነፍሳት ያድናሉ። በግቢያችን አቮካዶ ውስጥ ደግሞ 10 ግራም እንኳ የማትሞላ፣ ሰሃራን አቋርጣ የመጣች አረንጓዴ መሰል ወፍ ቅጠል ለቅጠል ስትዘል እስከ ሚያዝያ ልትቆይ ትችላለች። ዘንባባው ላይ አፍጥጬ ሳለሁ እርሷን ሳላያት ብዙ በጋ አልፏል ብዬ እገምታለሁ።

ባዶ ጎጆዎቹን በተመለከተ፣ ግቢ ይጽዳ ተብሎ በጥቅምት እንዳይወርዱ እመክራለሁ። ጉሮሮው ላይ ቀይ መስመር ያለው ትንሽ ዘር በል ወፍ የራሱን ጎጆ ከመሥራት ይልቅ የሸማኔ ወፍ አሮጌ ጎጆን መጠቀም ይመርጣል፤ ጉንጨ ቀዩ ሰማያዊ ድንቢጥም አንዳንድ ጊዜ ይገባበታል። ነፋስ የጣለውን አንሥቶ መፍታት ግን ጉዳት የለውም። እኔ አንዱን ጋዜጣ ላይ አድርጌ በመርፌ ፈታሁት። ውጭው ሻካራ የዘንባባ ስንጥቅ ነው፤ ከጣሪያው ሥር ዝናብ እንዳያሳልፍ ሰፋ ሰፋ ያሉ ቅጠሎች ተደራርበዋል፤ ከታች ሴቷ ያነጠፈችው የሣር ራስ፣ በመካከሉም የዶሮ ላባ አለ። ላባው የጎረቤታችን የቀይ ዶሮ መሆኑን ስናገር እማማ እንደገና ሳቁ።

ምግብ በመበተን ሸማኔዎቹን ለማስቀረት መሞከር አይመስለኝም። የእንጀራ ፍርፋሪ የሚሰበስበው ድንቢጥና እርግብ ነው፤ ሸማኔዎቹን ከመንጋቸው ነጥሎ የሚያስቀር ነገር ቢገኝም ለእነርሱ የሚጠቅም መሆኑን እጠራጠራለሁ። ውኃ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከኅዳር በኋላ ግቢው ሲደርቅ፣ ጥልቀቱ ከጣት የማይበልጥ የሸክላ ሳህን ድመት በማትደርስበት ጥላ ሥር አስቀምጦ በየጠዋቱ አጥቦ መሙላት ይበቃል። ወደ እኛ ሳህን ከሚመጡት መካከል ቀትር ላይ ጥቂት ግራጫማ ሸማኔዎች ይገኙበታል። የእኛው ዘንባባ ልጆች ይሁኑ የሌላ ሰፈር መለየት አልችልም፤ ቢሆንም ምንቃራቸውን ነክረው ቀና ሲሉ ሳይ ናፍቆቱ ቀለል ይልልኛል፣ ፈጽሞ ጠፋ ግን አልልም። የክረምቱን ጠዋት የሚተካ የለውም።

ቀጥሎ ለመከታተል ያሰብኩት ወንዶቹ ጥቁር ፊታቸውን መልሰው ማብቀል የሚጀምሩት ዝናቡ ከመጣ በኋላ ነው ወይስ ቀደም ብሎ የሚለውን ነው። ለዚህም ከየካቲት ጀምሮ በሳህኑ ላይ የሚመጡትን ወንዶች ፊት ፎቶ እያነሣሁ አስቀምጣለሁ። አዳማ ያላችሁ ባልንጀሮቼ፣ እናንተ ዘንድ ጎጆ መሥራት የሚጀመርበትንና የመጨረሻው ጫጩት የሚወጣበትን ሳምንት፣ እንዲሁም ዛፉ ዘንባባ ይሁን ግራር ጽፋችሁ ብትልኩልኝ፣ ከሐዋሳው ጋር ጎን ለጎን አድርጌ በሚቀጥለው ማስታወሻ አቀርበዋለሁ።