እናትየው ባትጮህስ? ከድሬ ልጆች ጋር ድራማ የጻፍንበት መንገድ

የቴሌቪዥን ድራማዎቻችን ውስጥ አንድ ልጅ አለ። ዕድሜው አስራ ስድስት፣ አስራ ሰባት ነው። ብዙም አያወራም። ሲገባ ስልኩ እጁ ላይ ነው፣ ሲወጣ በሩን ያላትማል። ሥራው እናቱን ማስለቀስ ነው። ሱስ ይይዘዋል፣ ወይ መጥፎ ጓደኛ ይገጥመዋል። ሴት ከሆነች ደግሞ ታረግዛለች። ከዚያ ወላጆቹ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ስለ እሱ ይነጋገራሉ። እሱ ራሱ ግን ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን ምን እንደሚያወራ፣ ምን እንደሚያስቀው፣ ኪሱ ውስጥ ስንት ብር እንዳለ አናውቅም።

ይህ ነገር ሁሌም ይከነክነኛል። እዚህ ድሬዳዋ በአንድ የወጣቶች ማዕከል የድራማ ክበብ አስተባብራለሁ። ልጆቹ ከሳቢያን፣ ከመጋላ፣ ከገንደ ቆሬ፣ ከአዲስ ከተማ ይመጣሉ። ትንሿ ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ትልልቆቹ አስራ ሁለተኛን ሊፈተኑ ነው። በስልክ የምንቀርጸው ተከታታይ ድራማ እንሥራ ተባባልንና «ስለራሳችሁ ጻፉ» አልኳቸው። የመጣው ጽሑፍ በሙሉ የሚጀምረው ሳሎን ውስጥ ነው። ትልቅ ሶፋ፣ ወደ ላይ የሚወጣ ደረጃ፣ የቤት ሠራተኛ፣ መኪና ያለው አባት። ከጻፉት ልጆች መካከል ፎቅ ቤት የሚኖር አንድም የለም። አብዛኞቹ ግቢ ተጋርተው ነው የሚኖሩት። የራሳቸው ኑሮ ድራማ ይሆናል ብለው አላሰቡም ማለት ነው። ይህ በጣም አሳዘነኝ።

ስለዚህ ከመጻፍ በፊት ማየት ጀመርን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚከታተሉት ድራማ አንዳንድ ትዕይንት መርጠው ይመጣሉ። የምንጠይቀው ሁሌም ያው ነው። ልጁ ነው የሚያወራው ወይስ ስለ ልጁ ነው የሚወራው? አዋቂ ከክፍሉ ሲወጣ ካሜራው ከልጆቹ ጋር ይቆያል ወይስ ተከትሎት ይወጣል? ባየናቸው ላይ ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ ከወላጆች ጋር ነው። ልጁ በሩን ሲዘጋ እኛም ውጭ እንቀራለን።

ለምን እንዲህ ሆነ ስንል ልጆቹ «አዋቂዎች ናቸዋ የሚጽፉት» አሉ። ልክ ናቸው። ግን የገንዘብም ጉዳይ አለበት። ሳሎን ውስጥ መቅረጽ ይረክሳል። መብራቱ በእጅህ ነው፣ ድምፅ አይረበሽም፣ ሰው አይሰበሰብም፣ በአንድ ቤት ብዙ ክፍል ይወጣል። አብዛኛው ሥራም የሚሠራው አዲስ አበባ ነው። በዚያ ላይ ቃና በ2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ልጆቹ በአማርኛ በተተረጎሙ የቱርክ ድራማዎች ነው ያደጉት። እዚያ የሚያዩት ወጣት ደግሞ ብዙ ጊዜ የኩባንያ ወራሽ ነው።

ሌላ አገር እንዴት እንደሚሠሩትም አነበብኩ፣ ያገኘሁትን አየሁ። በ1990 እ.ኤ.አ. በጀመረው የአሜሪካው «ቤቨርሊ ሂልስ 90210» ላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆና የተጫወተችው ጋብሪኤል ካርተሪስ ያኔ 29 ዓመቷ ነበር። የካናዳው «ደግራሲ ጁኒየር ሃይ» ግን በ1987 ሲጀምር ታዳጊ ሆነው የሚጫወቱት ታዳጊዎች ራሳቸው ነበሩ። ከሁሉም ልቤን የወሰደው የኖርዌዩ «ስካም» አሠራር ነው። የሕዝብ ጣቢያው ኤንአርኬ በ2015 ነው ያወጣው። ጸሐፊዋና ዳይሬክተሯ ዩሊ አንደም ብዕር ከማንሳቷ በፊት ታዳጊዎችን እየዞረች አነጋግራለች። ትዕይንቶቹም ኢንተርኔት ላይ የሚለቀቁት ታሪኩ ውስጥ በሚሆኑበት ሰዓት ነበር። አርብ ማታ የሚሆን ነገር አርብ ማታ ይወጣል። እኛ ያ ሁሉ ገንዘብ የለንም። መጠየቅ ግን ገንዘብ አይፈልግም። በአገራችንም ቢሆን በ2005 ዓ.ም. በሬዲዮ የጀመረው «የኛ» አምስት ሴት ልጆችን መሃል ላይ አስቀምጦ ጓደኝነታቸውን ተርኳል። ስለዚህ የሚቻል ነገር ነው።

አጠያየቁ ላይ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። «ችግርህ ምንድን ነው?» ካልከው ቴሌቪዥን ላይ ያየውን ችግር ይነግርሃል። እኔ ስለ ችግር አልጠየቅኩም። «ትናንት ከምሳ በኋላ እስኪመሽ ምን ስታደርጊ ዋልሽ?» ነው ያልኩት። «ብር ከማን ነው የምታገኘው? ሲያልቅብህስ?» «ስልኩ የማን ነው? እነማን ይጠቀሙበታል?» «ከማን ጋር ስትሆኚ ነው ብዙ የምትስቂው?»

የድሬን ከሰዓት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሙቀቱ ሲበረታ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። በብዙ ቤት አባወራው ከጓደኞቹ ጋር ጫት ሊቅም በርጫ ይቀመጣል። ያ ክፍል የአዋቂ ይሆናል። ልጆቹ ይወጣሉ። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር፣ ሰፈር ውስጥ የግንብ ጥላ ይዘው፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል ደግሞ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ ላይ ኳስ። አንዱ ልጅ «ጥላው ሲዞር እኛም አብረን እንዞራለን አቦ» አለኝ። ድራማ ላይ ጫት የሚመጣው ልጁን ሊያበላሽ ብቻ ነው። እነዚህ የነገሩኝ ሌላ ነው። ጫቱ የአዋቂው ነው፣ ለእነሱ የሚደርሳቸው ውጭ መዋል ነው። ጓደኝነቱም፣ ቀልዱም፣ የመጀመሪያው ፍቅርም የሚበቅለው በዚያ ሰዓት ነው። ጫት ልጆችን አይነካም ማለቴ አይደለም። ይነካል፣ ያስፈራኛልም። ግን ልጅን ከጫት ጋር የሚያገናኘው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ይኼኛውን ማንም አላሳየውም።

ሌላው ደቻቱ ነው። የ1998ቱ ጎርፍ ሲመጣ እነዚህ ልጆች አልተወለዱም። ቤታቸው ውስጥ ግን ዛሬም አለ። እዚህ ፀሐይ ጠራርታ እያለች ከላይ በደጋው በደንገጎ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ አያት ከበር ላይ ትጣራለች። ኳሱ ይቆማል፣ ውጤቱ ምንም ይሁን። ልጆቹ ይህን የነገሩኝ እንደ ተራ ነገር ነበር። የመጀመሪያው ክፍላችን መክፈቻ ያደረግነው እሱን ነው።

ከዚያ አንድ ልምምድ ሰጠኋቸው። በየድራማው የምናየውን ትዕይንት ወሰድን። ሴት ልጅ አምሽታ ትገባለች። እናት ሶፋ ላይ ናት። «የት ነበርሽ?» ብላ ትጮኻለች፣ በጥፊ ትላታለች፣ ልጅቷ እያለቀሰች ደረጃውን ትወጣለች። «ይኸው ነገር እናንተ ግቢ ቢሆንስ?» አልኳቸው።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ቀድማ «ቲቸር፣ እናትየው ባትጮህስ?» አለች። «ለምን አትጮህም?» «ጎረቤት ይሰማላ!» ከዚህ ተነስተው የጻፉት እንዲህ ነው። ልጅቷ ዳቦ ይዛ ትገባለች። ያመሸሁት ዳቦ ቤት ወረፋ ይዤ ነው ለማለት ነው። የግቢው በር ላይ ጎረቤታቸው እትዬ ሳምቡሳ እየጠበሱ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው ያዩዋታል፣ ምንም አይሉም። ልጅቷ ግን አለቀልኝ ትላለች። እናት ዳቦውን ትቀበልና በእጇ ጫን ጫን ታደርገዋለች። ቀዝቅዟል። «እራትሽን ብዪ» ትላታለች። ሌላ ቃል የለም። በማግስቱ ልጅቷ ልትወጣ ስትል እናት የሰባት ዓመት ወንድሟን ጫማ እያሰረችለት ነው። «እሱም ካንቺ ጋር ይሂድ።»

ቅጣቱ ይኸው ነው። ሲነበብ ክበቡ ውስጥ ያሉት ሴቶች በአንዴ ጮኹ። ሁሉም እንዲህ ዓይነት ትንሽ ጠባቂ ቤታቸው ውስጥ አላቸው ወይ ነበራቸው። ወንድምየውም ራሱን የቻለ ሰው ሆነ። በሙሸበክ፣ በዚያ የድሬ ጣፋጭ፣ ይደለላል፣ ዋጋው በየቀኑ ይጨምራል። ማታ እናቱ ስትጠይቀው ሳይዋሽም ሳያሳብቅም እንዴት እንደሚያልፍ ይለምዳል። ከጥፊው ይልቅ ያቺ የቀዘቀዘች ዳቦ ነበረች ያስጨነቀችን። ካየነው የቴሌቪዥን ትዕይንት ጋር አንድ ዓይነት ታሪክ ነው፣ ልጅቷን ግን አሁን እናውቃታለን። ወጣት ሲጻፍ የምፈልገው እንዲህ ዓይነት ነገር ነው። ልጆቹ አዋቂውን እንዴት እንደሚያነቡት፣ እንዴት እንደሚያመልጡት፣ አንዳንዴም እንዴት እንደሚያዝኑለት።

የቋንቋው ነገርም አለ። ከተዋናዮቻችን አንዱ ከአያቱ ጋር በሶማሊኛ፣ ከጎረቤት ጋር በኦሮምኛ፣ ከጓደኞቹ ጋር በአማርኛ ያወራል፣ አንዳንዴ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ። ጽሑፉ ሲመጣ ግን ሁሉም በአማርኛ ነበር፣ ቴሌቪዥን ላይ እንደዚያ ስለሆነ። ሲለማመድ አያቱን የምትጫወተው ልጅ ፊት ድርቅ ይላል። «እንደ ቤትህ አውራት» ስንለው በሶማሊኛ «አዬዮ» (አያቴ) ብሎ ጀመረና ትከሻው ወረደ፣ እጁ መንቀሳቀስ ጀመረ። እንዳለ ተውነው። የትርጉም ጽሑፍ ከሥር አላስገባንም። አያት ሻይ እየቀዳችለት ስትቆጣው ቃሉን የማያውቅ ሰውም ይገባዋል። ይህን መሞከር የሚፈልግ አንድ ነገር ይጠብቅ፤ ለታሪኩ ግድ የሆነ መረጃ በአንዱ ቋንቋ ብቻ ተነግሮ አይለፍ።

አንዱ ቡድን ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ ልጅ ታሪክ መጻፍ ፈለገ። አልከለከልኳቸውም፣ ብቻዬን ግን አልወሰንኩም። የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋብዘን ከልጆቹ ጋር ተወያየች። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ድራማ «ሰርቲን ሪዝንስ ዋይ» ድርጊቱን በዝርዝር አሳይቶ ብዙ ባለሙያዎች ተቃውመውት ነበር። ኔትፍሊክስም በ2019 ያንን ትዕይንት ቆርጦ አወጣው። የዓለም ጤና ድርጅት ለፊልም ሠሪዎች ባወጣው መመሪያም መንገዱን ማሳየት አይመከርም። ስለዚህ የእኛ ታሪክ ወደ ጓደኛው ዞረ። ልጁ ኳስ መምጣት እንደተወ ያስተዋለው ጓደኛ፣ ለማን እንደሚናገር የጨነቀው፣ በመጨረሻ ለአንድ አስተማሪ የተናገረው።

ስለ ቀረጻው ብዙ የምለው የለም። ከ11 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ያምራል፣ ሙቀቱም ይሻላል። ባጃጅ ድምፅ ስለሚያበላሽ ዋና ዋና ንግግሮችን ግቢ ውስጥ ነው የምንቀርጸው። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዛል። አንድ ጥብቅ ሕግ አለን፣ ማንም ልጅ በራሱ ላይ የደረሰውን ራሱ አይጫወትም። አንዷ የተናገረችውን ሌላው ይጽፈዋል፣ ሦስተኛ ሰው ይጫወተዋል። ዝርዝሩም ይቀየራል። ሰፈር ትንሽ ናት፣ ልጁ ደግሞ ነገም እዚያው ነው የሚኖረው።

ለወላጆች ያሳየን ቀን እናቶቹ በዳቦዋ ትዕይንት ተከራከሩ። አንዷ «እንዲህ ዝም ያለች እናት የታለች?» ስትል ሌላዋ «እኔ አለሁ!» አለች። የበርጫው ክፍል ላይ አባቶቹ ዝም ብለው ነው ያዩት። ሲያልቅ አንዱ ወደ ልጁ ዞሮ «እኔ ስቀመጥ አንተ የት ነው የምትሄደው?» አለው። ልጁ ነገረው። አባትየው ሌላ ጠየቀ፣ ልጁ ሌላ መለሰ፣ እኛ ወንበር እየሰበሰብን እነሱ አሁንም ያወራሉ።

አሁን የያዝነው ስለ ፈተና ነው። ባየናቸው ድራማዎች ውስጥ የሚያጠና ልጅ አለ ለማለት ይቸግራል። የልጆቹ ትልቁ ጭንቀት ግን እሱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ቤቱን ትቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ መፈተን ጀመረ። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ከግማሽ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። የልጆቹ ታሪክ አንድ ግቢ ያደጉ ሁለት ጓደኛሞች ናቸው። አንዱ ያልፋል፣ አንዱ ይወድቃል። ክበቡ እዚህ ላይ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ የወደቀው ልጅ ውጤቱን ለሳምንት ይደብቅ ይላል። ሌላው ግማሽ እዚያ ግቢ ውስጥ ለአንድ ቀንም አይደበቅም፣ ከእሱ በፊት እትዬ ይሰማሉ ይላል። ሁለቱንም ጻፉ ብያቸዋለሁ፣ ቅዳሜ እናነባቸዋለን።