ሰዓቱን የነገራቸው ቲክቶክ

ዛሬ ደብረ ብርሃን ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዤ ሳለ አንዲት እናት "ልጄ፣ ዛሬ ሌሊት መሬት ይንቀጠቀጣል ተብሏል፤ ደጅ ልናድር ነው" አሉኝ። በዚህ ብርድ!

"ማን አለ እማማ?"

የልጃቸውን ስልክ ተቀብለው ቲክቶክ አሳዩኝ። ፎቅ ይናዳል፣ ሰው ይጮኻል፣ አቧራው ሌላ ነው። ጥግ ላይ የቆመው አምቡላንስ ግን የቱርክ ባንዲራ ተስሎበታል!

ስጋታቸው ከሜዳ አልመጣም። ስምጥ ሸለቆ ጎረቤታችን ነው፤ በ2017 አዋሽ ፈንታሌ ሲናጥ ያልደነገጠ ማን አለ? ግን ቀንና ሰዓት ቆርጦ የሚናገር ሳይንስ እስካሁን የለም።

"ባለሙያዎቹን በሬዲዮ አልሰሟቸውም?"

"ሰማሁ እንጂ። ስለ ማግማ፣ ስለ ሬክተር ስኬል ሲሉ ሲሉ ፕሮግራሙ አለቀ። ይሄኛው ግን ሰዓቱን ነገረኝ።"

በዚህ እንኳ አልፈርድባቸውም።