ማስመሪያ ይዛ የመጣችው ተማሪ

ልዩ አንጻራዊነትን፣ ማለትም ጊዜና ርቀት እንደ ተመልካቹ እንቅስቃሴ እንደሚለያዩ የሚያስረዳውን የአይንስታይን ንድፈ ሐሳብ፣ ጊዜንና ርቀትን በአንድ ዲያግራም ላይ እየሣልኩ ሳስተምር የምወደው አንድ አባባል ነበረኝ። «የአንድ ሰው ሰዓት የሚቆጥረው ጊዜ፣ ሰውየው በዲያግራሙ ላይ የሄደበት መስመር ርዝመት ነው» እላለሁ። ለማስታወስ ቀላል ነው። ለዓመታት ስለው ኖሬያለሁ።

ፈተናው ላይ የታወቀውን የመንትዮች ጥያቄ አወጣሁ። አንዱ ምድር ላይ ይቀራል። ሌላው በብርሃን ፍጥነት 60 በመቶ እየበረረ 3 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በ3 ዓመት የሚጓዘውን ያህል) ርቆ ይሄድና ወዲያው ይመለሳል። መሄጃው 5፣ መመለሻው 5፣ ምድር ላይ 10 ዓመት አለፈ ማለት ነው። ዲያግራሙን ሥላችሁ ለተጓዡ ስንት ዓመት እንዳለፈ አግኙ አልኩ። መልሱ 8 ነው።

አንዲት ተማሪ 11.7 ብላ ጻፈች። በቀይ ሰርዤ ዜሮ ሰጠኋት። ሥዕሉን ልብ ብዬ እንኳ አላየሁትም።

በማግስቱ ወረቀቷንና ማስመሪያ ይዛ ቢሮ መጣች። «መምህር፣ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ያሳዩኝ።»

ሥዕሏ እንከን አልነበረውም። ጊዜ ወደ ላይ፣ ርቀት ወደ ጎን። አንድ ዓመት በአንድ ሳንቲሜትር፣ አንድ የብርሃን ዓመትም በአንድ ሳንቲሜትር። ስለዚህ ብርሃን በ45 ዲግሪ ይሄዳል። ምድር ላይ የቀረው 10 ሳንቲሜትር ቀጥ ያለ መስመር ነው። የተጓዡ መስመር ወደ ጎን ወጥቶ መሃል ላይ ይታጠፋል። ማስመሪያውን አስጠግታ ለካችልኝ። አንዱ ክፍል 5.83፣ ሁለቱ አንድ ላይ 11.7።

«ጊዜ የመስመሩ ርዝመት ነው ብለውን ነበር» አለች።

ብዬ ነበር። ደብተሯ ላይ ቃል በቃል ተጽፏል።

ስህተቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኳትና አዲስ ወረቀት አወጣሁ። ማስመሪያ የሚያውቀው የፓይታጎረስን ሕግ ብቻ ነው፤ የሁለቱን ጎኖች ካሬ ይደምራል። እዚህ ግን ይቀነሳል። የሒሳብ ሊቁ ሄርማን ሚንኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1908 ኮሎኝ ላይ ባደረገው ንግግር ያቀረበው ጂኦሜትሪ ይሄ ነው። የ5 ካሬ 25፣ የ3 ካሬ 9፣ ልዩነቱ 16፣ ሥሩ 4። ሁለት ጊዜ 4 ደግሞ 8።

ገባት፤ ግን አልረካችም። «ታዲያ ሥዕሉ ምን ይጠቅማል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። የጊዜው ካሬ የርቀቱ ካሬ ሲቀነስለት 1 የሚሰጡትን ነጥቦች ሁሉ አብረን አገናኘን፤ ሃይፐርቦላ የሚባል ኩርባ ወጣ። ይህ ኩርባ የተጓዡን መስመር የሚቆርጥበት ቦታ የእሱ «አንድ ዓመት» ነው። ወደ ላይ 1.25፣ ወደ ጎን 0.75። በማስመሪያ 1.46 ሳንቲሜትር! የእሱ አንድ ዓመት ወረቀቱ ላይ ከእኛው ረዝሞ ነው የሚሣለው። ስለዚህ 5.83 ውስጥ አራት ብቻ ይገባል። ራሷ ቆጠረችው።

የሥዕሉን ነጥብ መለስኩላት። ያን አባባል ክፍል ውስጥ ደግሜ አልተናገርኩም። አሁን ያዘመመውን ዘንግ፣ ማለትም የተጓዡን ጊዜ የሚያሳየውን መስመር፣ ከመሣሌ በፊት ሃይፐርቦላውን አስቀድማለሁ። ዘንጉን አዝምሞ ምልክቶቹን እንደቀጥታው ዘንግ እኩል አራርቆ መሣል ተማሪን ማሳሳት ነው ብዬ አምናለሁ።

ልትወጣ ስትል ማስመሪያዋን በ45 ዲግሪው መስመር ላይ አስቀመጠች። 5 ወደ ላይ፣ 5 ወደ ጎን። «7.07 ይላል» አለችና ቀና አለች። «ግን 25 ሲቀነስ 25... ዜሮ?»

«ዜሮ» አልኳት።

ወንበር ስባ እንደገና ተቀመጠች።